ስምንት ቢት ለችኩል ነው

በቀጠሮው ቀን ሄዶ «ደርሷል፣ ውሰድ» የተባለ ሰው ዕድለኛ ነው። ለሌሎቻችን ፈጣሪ በየከተማው አንድ «ትንሽ ይቀረዋል» የሚል ባለሙያ መድቦልናል። አንዱ ከተማ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪህ ተሰፍቶና ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየኸው ትንሽ ይቀረዋል ይልሃል። ሌላው ጋ አናጺ ነው፤ ሙሽሮቹ ወልደው ልጁ ዳዴ ሲል የሠርጉ አልጋ ገና ቫርኒሽ ይቀባል። ለእኛ ለወላይታ ሶዶዎች የደረሰን ፎቶ አንሺ ነው።

ክቡርነታቸውን ላስተዋውቅ። ስማቸው ጀማለዲን ነው። ከተማው ጋሽ ጀማል ይላቸዋል፤ እኔ ከጀርባቸው «ክቡር የጥላ ሚኒስትር» እላቸዋለሁ። አባታቸው ከስልጤ አገር ቅመም ጭነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። የቤቱ ሌሎች ወንዶች ልጆች ዛሬ ስኳርና ሳሙና በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ እሳቸው ብቻ ጥላ በችርቻሮ ይሸጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዛራ ፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ ደንበኛ ታጽናናለች። «የወንድሞቹ ዕቃ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል» ትላለች። «የኔ ሰውዬ ጋ የገባ ግን እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው።»

ይህን የምተርክላችሁ በ2002 ዓ.ም. ስለሆነው ነው። ያን ጊዜ መነኻሪያው አካባቢ ያሉት ፎቶ ቤቶች ሁሉ ወደ ዲጂታል ገብተው፣ ከደንበኛው ጀርባ ፏፏቴና የውጭ አገር መኪና እየጨመሩ፣ ጉርድ ፎቶ በአሥር ደቂቃ ያስረክቡ ነበር። ክቡርነታቸውም ኮምፒውተርና ስካነር ገዝተዋል፤ ግን ለመፍጠን አልነበረም። ለመዘግየት አዲስ ምክንያት አገኙ እንጂ። ምክንያቱ ቢት ይባላል፤ ኮምፒውተር የብርሃንና የጥላ ደረጃ የሚሰፍርበት ቁና ነው።

«መምህር፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ድረስ ስንት ዓይነት ግራጫ አለ?» ብለው ጠየቁኝ አንድ ቀን። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ግራጫ ለእኔ የአህያ ቀለም ነው።

«አንድ» አልኩ። ፊታቸውን አይቼ «ሁለት» ብዬ አሻሻልኩ።

«በስምንት ቢት ከሠራህ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት! በአሥራ ስድስት ቢት ከሠራህ ደግሞ ከስልሳ አምስት ሺህ በላይ!» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። ስልሳ አምስት ሺህ ሲሉ ሁልጊዜ ይነሣሉ።

«ዓይኔ ይህን ሁሉ አይለይም እኮ ጋሽ ጀማል።»

«ዓይንህማ አይለይም። ግን ፎቶውን ስታስተካክል፣ የጨለመውን ስታነጣ፣ የነጣውን ስታጨልም፣ ግራጫው ይሳሳል። ሁለት መቶ ብቻ ካለህ ይበጣጠሳል፤ ጉንጭ ላይ እንደ እርከን ደረጃ ሠርቶ ይወጣል። ብዙ ካለህ ግን ከየት እንደተነሣ ሳይታወቅ ጥላው ይፈሳል። አባቴ የኪሎ ድንጋይ ብቻ ቢኖራቸው ኮረሪማ መዝነው ይሸጡ ነበር?» ከዚያ የታወቀችውን ዓረፍተ ነገር ጣል አደረጉ፦ «ስምንት ቢት ለችኩል ነው!»

ባለ ቀለም ፎቶ አይወዱም። ሲጠየቁ ያነሣሉ፤ ነገር ግን ሲጋራ እንዲገዛ እንደተላከ ሐኪም ቅር እያላቸው ነው። «ቀለም ያባብላል» ይላሉ። «ጥቁርና ነጭ ግን ሰውየውን ብቻውን ያቆመዋል።» በዚህ እምነታቸው አንዲት ሙሽራ ከአረካ ድረስ መጥታ ብትነሣ በጥቁርና ነጭ አሳምረው ሰጧት፤ እናትየዋ ፎቶውን አይታ «ልጄን በቁሟ አለቀሳችሁባት» ብላ ዕቃ ልትወረውር ትንሽ ቀራት።

የገብረማርያምን ጉዳይ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ገብረማርያም የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ገባ። ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። «አንገትህና ኮሌታህ መካከል ያለው ጥላ አልተለያየም» እየተባለ ሲመለስ፣ ሲመለስ፣ በመጨረሻ የወሰደው ፎቶ እውነትም ልዩ ነበር፤ ሰውየው ከመስተዋት ይልቅ እሱን እያየ ፀጉሩን ያበጥር ጀመር። ቀበሌ ወሰደው። የቀበሌው ሰውዬ ማኅተሙን አንሥቶ ግንባሩ ላይ ጧ አደረገበት።

ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ በእግራቸው ቀበሌ ድረስ ሄዱ። «ማኅተሙ ጥግ ላይ፣ ትከሻ ላይ ቢያርፍ ምን ይላል? ግንባሩ ላይ ያለው ጥላ አራት ቀን ፈጅቶብኛል» አሉ። የቀበሌው ሰውዬ መመሪያ መሆኑን ነገራቸው። ተመልሰው ሲመጡ እትዬ ዛራ ሰው ሞቶ መስሏት ነጠላዋን ፈለገች።

ያ ዘመን የቢፒአር፣ ማለትም የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ዘመን ነበር። ከክልል እስከ ቀበሌ ያለ ቢሮ ሁሉ ሥራ ሊያፋጥን ግድግዳው ላይ «ይህ አገልግሎት በአሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣል» እያለ ይለጥፍ ነበር። ለውጡ እየገሰገሰ መጥቶ የጋሽ ጀማል ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያው ዓመት ምርጫ ነበረና አንድ እጩ ለፖስተር የሚሆን ፎቶ አዘዛቸው። ፎቶው ከምርጫው በኋላ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። እጩው ሳይታይም በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ስለነበር ቅር አላለውም፤ እንዲያውም አመስግኖ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው።

አንዴ በነገር ልይዛቸው ሞከርኩ። አንድ የኮምፒውተር ዕውቀት ያለው ባልደረባዬ የነገረኝን ይዤ ሄድኩና «ጋሽ ጀማል፣ ፕሪንተርዎ ራሱ የሚቀበለው ስምንት ቢት ብቻ ነው አሉ። ታዲያ በአሥራ ስድስት መልፋቱ ለምንድን ነው?» አልኳቸው። አሁን ያፍራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ልብስ ሰፊ ጨርቁን ገና ሲጀምር በልክህ ይቆርጠዋል?» አሉኝ ረጋ ብለው። «ትርፍ ትቶ ነው የሚሰፋው። ሲለካህ፣ ሲያጠብብ፣ ሲያሰፋ ቆይቶ ትርፉን መጨረሻ ላይ ይቆርጣል። እኔም ሠርቼ ስጨርስ፣ ሊታተም ሲል ወደ ስምንት አወርደዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚጨርሱት?»

ይህን ጥያቄ አልሰሙትም። ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ይቺን ጥያቄ ብቻ አይሰማም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አክስቴ ሽታዬ ከሶዶ ራቅ ባለችው በቢጠና ከተማ ነው የምትኖረው። ባለቤቷ ቦልቴ በመንግሥት እርሻ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ልጃቸው ቤቴል የሰባት ወር ሕፃን ሳለች ሞተ። ከእሱ የቀረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የእርሻው መታወቂያ ላይ የተለጠፈች ጉርድ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ያውም ደብዝዛ ደብዝዛ ጭጋግ የመሰለች። ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ የትኛው ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ቤቴል አባቷን በዚያች ጭጋግ በኩል ብቻ ነው የምታውቀው። ልታገባ ቀኑ ሲቆረጥ ጠራችኝና «ቃለሕይወት፣ ወላጆች ሲመርቁ የሁለቱን ጉልበት መሳም እፈልጋለሁ። እናቴ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ፎቶውን አስቀምጥልኝ። ፊቱን ግን ልየው» አለችኝ።

እኔም የተማርኩ ሰው ነኝና ፎቶዋን ከመታወቂያው ላይ ሳልነቅል የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ስካን አደረገችልኝ፤ በፍላሽ ይዤ ወደ አሥር ደቂቃዎቹ ፎቶ ቤቶች ሄድኩ። እውነትም በአሥር ደቂቃ አጉልተው፣ አድምቀው፣ የግድግዳ መጠን አድርገው ሰጡኝ። ከኋላው ፏፏቴ ይጨመር ወይ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ቢጠና ወስጄ ለአክስቴ ሰጠኋት። ጉንጩ ላይ ጥቁርና ነጭ ቦታው ለየብቻ ተለያይቶ፣ ዓይኑ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ፣ ግንባሩ ተቆራርጦ ነበር። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቃለ፣ የማንን ባል ነው ያመጣህልኝ?» አለችኝ።

ቤቴል ፎቶውን ገልብጣ አስቀመጠችው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍላሼን ይዤ ክቡርነታቸው ፊት ቀረብኩ። ፋይሉን ከፍተው አዩት፤ ከዚያ ዘመድ ለማርዳት እንደሚዘጋጅ ሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ጄፔግ ነው፤ ተጨምቆ ስምንት ቢት ብቻ የቀረው ፋይል» አሉ።

«ወደ አሥራ ስድስት ቢት ይቀይሩታ!»

«የተፈጨ በቆሎ መልሰህ እሸት ታደርገዋለህ? ስምንት ሆኖ የመጣ ፋይል ላይ አሥራ ስድስት ብለህ ብትጽፍበት የጠፋው ጥላ ከየት ይመጣል? ዋናዋን አምጣልኝ።»

አክስቴ ከዚያ ጥፋቴ ወዲህ ፎቶዋን ለሰው እጅ አትሰጥም፤ ራሷ በሚኒባስ ይዛት መጣች። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ። ጋሽ ጀማል እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ከዚህ በፊት የዞኑ ባለሥልጣን ፎቶ ሲሰጣቸው እጃቸውን ታጥበው አያውቁም።

«ታወጣዋለህ?» አለቻቸው አክስቴ።

«እማማ፣ ያለውን አወጣለሁ። የሌለውን ግን አልጨምርም።»

«ቅዳሜ ሠርግ ነው። ሌላኛው ቅዳሜ።»

«ይደርሳል» አሉ። እትዬ ዛራ ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የያዘችው ፖስታ ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኩ እኔ አውቃለሁ። የመብራት ፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። አሥራ ስድስት ቢት ደግሞ ፋይሉን እጥፍ ያደርገዋል፤ እሳቸው በዚያ ላይ ፎቶዋን አንድ በር በሚያክል ስፋት ስካን አድርገዋታል። አሮጌው ኮምፒውተር ያቃስታል። አንድ ጊዜ ሴቭ ለማድረግ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራቱም ይህን የተነገረው ይመስል በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ድርግም ይላል። ማክሰኞ ስሄድ አፍንጫው ደርሷል፤ ረቡዕ ስሄድ አፍንጫው የለም። ሐሙስ ዕለት ባንኮኒው ላይ በቡጢ መታሁ።

«በስምንት ይሥሩትና ይገላግሉን!» አልኩ።

ጋሽ ጀማል ከወንበራቸው ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «መምህር» አሉ፤ «አንዴ በስምንት አይታዋለች። ሁለተኛ የሰው ባል ወስጄ እንዳስታቅፋት ነው የምትፈልገው?»

ቡጢዬን ፈትቼ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ የመብራት ፈረቃው የእኛ ሰፈር አልነበረም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ባዶ እጄን ወደ ቢጠና ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለአክስቴ የምለውን ስለማመድ፣ ለቤቴል የምለው ጠፋኝ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔው በአሥር ደቂቃዬ ነው፤ ሳስበው ሚኒባሱ ወደ ኋላ ቢመለስ ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ ዳሱ ሞላ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ክትፎው በዳጣ ቀረበ፣ የሙሽራው ወገኖች ጨፈሩ። ከአክስቴ ጎን ያለው ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ባዶውን ተቀምጧል። ቤቴል በየመሐሉ አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ ወንበሩን። የፕሮግራም መሪው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ «አሁን ወላጆች ይመርቃሉ» አለ። ተነሥቼ ልናገር ስል ከዳሱ ውጭ ባጃጅ ቆመ።

ክቡር የጥላ ሚኒስትር ከባጃጁ ወረዱ። ኮታቸው በስኳር ነጥቷል፤ ጫማቸው በአቧራ ቀልቷል። ፎቶውን በንጹሕ የስኳር ጆንያ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ኋላ እንደሰማሁት ዓርብ ጠዋት ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን በጋሪ ጭነው ወንድማቸው አብዱልከሪም መጋዘን ገብተው፣ በጄኔሬተር፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ አድረዋል። አብዱልከሪም የሚጫን ዕቃ ስላለበት ሊያስወጣቸው ቢሞክር «ሰው እያመጣሁ ነው፣ አትጩህ» አሉት አሉ።

ጋሽ ጀማል ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ አክስቴ ሄዱና ጆንያውን ፈትተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አየሁት። ሰው ነበር። ጉንጩ ጉንጭ ነው፤ ከዓይኑ ሥር ድካም አለ፤ ከንፈሩ ሊስቅ ብሎ ፎቶ አንሺውን አፍሮ የተወው ይመስላል። አክስቴ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ጋሽ ጀማል ትንፋሻቸውን ይዘዋል። እኔም ይዣለሁ።

በድንገት አክስቴ በወላይትኛ ፎቶውን ተቆጣችው።

«ቦልቴ! ጢምህን እንኳ ሳትላጭ ለልጅህ ሠርግ መጣህ?»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እውነትም፣ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያየነው፤ አገጩና ጉንጩ ላይ የሦስት የአራት ቀን ጢም አለ፤ ከጥላው ትንሽ የጠቆረ፣ አንድ አንድ እያለ የሚቆጠር። ሃያ ምናምን ዓመት ጭጋጉ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ጢም።

ጋሽ ጀማል የሶዶ ልጅ ናቸውና ወላይትኛውን ሰምተዋል። ደነገጡ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማንሣት እችላለሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ንጹሕ አድርጌ...» እያሉ እጃቸውን ሰደዱ።

አክስቴ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «አይነካም!» አለች በአማርኛ። «እንዲህ ነበር እሱ። ‹ነገ እላጫለሁ› ይላል፣ ነገም ‹ነገ› ይላል። እኔ ሁልጊዜ እቆጣዋለሁ።» ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ ሁለቱንም በአንድ ነጠላ ጠረገች። «ሎኦ» አለች፤ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ። እሱ ነው።»

ፎቶውን ራሷ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ቤቴል መጥታ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ በአባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ግን አልሳመችም፤ መጀመሪያ የእጅ ጓንቷን አወለቀችና በጣቷ ጢሙን ዳበሰችው። ይሻክራት እንደሆነ ለማወቅ ይመስል ቀስ ብላ ወደ ላይ፣ ቀስ ብላ ወደ ታች። ያን ጊዜ እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ክቡርነታቸው ግን አላለቀሱም፤ ጎንበስ ብለው ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ አዩና ወንበሩን ወደ ግራ አንድ ስንዝር አዞሩት።

ማታ ላይ አብረን በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። ከተነሣን በኋላ ስለ ጢሙ ሊያስረዱኝ ጀመሩ፤ በስንተኛው ግራጫ ላይ እንደተደበቀ፣ እሳቸው ቆሻሻ መስሏቸው ሊያጠፉት ሲሉ ምን እንደከለከላቸው። መሐል ላይ ድምፃቸው ቀጠነ፤ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ስንት ቀን እንዳልተኙ እንጃ። መንገድ ላይ ካለችው ቦዲቲ ስንደርስ ክንዴ ደንዝዞ ነበር፤ አላንቀሳቀስኩትም። ኮታቸው ላይ የቀረው ስኳር ጃኬቴ ላይ ተራገፈ። ሶዶ መነኻሪያ ስንገባ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ!» ሊል አፉን ሲከፍት በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ፤ እኛ ሁለታችን ቀረን። ረዳቱ ጠጋ አለና ሽማግሌውን እያየ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ዘመድህ ናቸው?»

«አጎቴ ናቸው» አልኩት።